ሾጣጣው ጋን ለምን ሃምሳ ዓመት ጠበቀ?

በቢራ ፋብሪካ አጠገብ አልፋችሁ የምታውቁ ከሆነ፣ ከአጥሩ በላይ ተሰልፈው የሚያብረቀርቁትን ረጃጅም ጋኖች ሳታዩ አትቀሩም። ከሩቅ የውኃ ማጠራቀሚያ ይመስላሉ። ግርጌያቸውን ብታዩ ግን ጠፍጣፋ አይደለም። እንደ ተገለበጠ የጎጆ ክዳን እየጠበበ ወርዶ በአንዲት ቧንቧ ያልቃል።

ይህ ቅርጽ ዛሬ ወደ ሰው ቤትም ገብቷል። በአሜሪካና በአውሮፓ ቢራ በቤታቸው የሚጠምቁ ብዙ ሰዎች 20 ወይም 30 ሊትር የሚይዝ ትንሽ ሾጣጣ ጋን ይገዛሉ። ከማይዝግ ብረት የተሠራው ዋጋው ከተራ የፕላስቲክ ባልዲ በብዙ እጥፍ ይበልጣል። ታዲያ ገንዘቡን ማውጣቱ ዋጋ አለው? ፋብሪካው የተጠቀመበት ነገር ለቤትም ይጠቅማል ማለት ነው? ይህን ለመመለስ መጀመሪያ ሌላ ነገር መጠየቅ አለብን፦ ሾጣጣው ቅርጽ የተፈጠረው የትኛውን ችግር ለመፍታት ነበር? እስቲ ከዚያ እንጀምር። (ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። ደግሞም ይህ ስለ ዕቃው የተጻፈ ነው፤ ጠጡ ለማለት አይደለም።)

ችግሩ አተላው ነው

ቢራ የሚጀምረው ከገብስ ብቅል ነው። ብቅሉ በሙቅ ውኃ ተዘፍዝፎ ስኳሩ ይወጣል፤ ጣፋጩ ፈሳሽ ይጣራል፤ ሆፕ የሚባል መራራ አበባ ገብቶበት ይፈላል። እኛ ጋ ጌሾ የሚሠራውን ሥራ እዚያ ሆፕ ይሠራዋል ማለት ይቻላል። ፈሳሹ ከቀዘቀዘ በኋላ እርሾ ይጨመርበታል። እርሾው ስኳሩን እየበላ ሦስት ነገር ይሰጣል፦ አልኮል፣ ካርቦን ዳይኦክሳይድ እና ሙቀት። ስኳሩ ሲያልቅ ሴሎቹ እርስ በርስ ተጣብቀው ወደ ታች ይዘቅጣሉ።

ጠላ በሚጠመቅበት ቤት ያደገ ሰው ይህን ዝቃጭ በደንብ ያውቀዋል። አማርኛ ለዚህ የራሱ ቃል አለው፤ አተላ ይባላል። ለጠላ ግን አተላው ያን ያህል ራስ ምታት አይደለም። ጠላ ከደረሰ ብዙ ሳይቆይ ይጠጣል፤ አተላውም ለከብት መኖ ይሆናል፣ በቃ።

በጀርመን ባቫሪያ ያደገው የቢራ ዓይነት ግን የተለየ ጠባይ አለው። ላገር ይባላል፤ ስሙ የመጣው ማከማቸት ከሚል የጀርመንኛ ቃል ነው። ይህ ቢራ በቀዝቃዛ ቦታ ለሳምንታት፣ አንዳንዴም ለወራት መቀመጥ ነበረበት። ያን ያህል ጊዜ አተላው ላይ ከተቀመጠ ችግር ይመጣል። የተራበ እርሾ ይሞታል፤ ሲሞት ሴሉ ራሱን በራሱ ይፈጭና በውስጡ ያለውን ሁሉ ቢራው ውስጥ ያፈሰዋል። ቢራው የሥጋ መረቅ የመሰለ ጣዕም ይይዛል። ሌላም ጉዳይ አለ። ጠማቂው ለሚቀጥለው ጥንስስ ጤነኛና ሕያው እርሾ ይፈልጋል። ስለዚህ ሁለት ነገር በአንድ ጊዜ ያስፈልገዋል፦ ቢራውን ከአተላው መለየት፣ እርሾውን ደግሞ ሳይሞት ማውጣት።

የጥንቱ መፍትሔ ቢራውን ማዘዋወር ነበር። መጀመሪያ ክፍት በሆነ የእንጨት ገንዳ ይብላላል፤ ከዚያ አተላው እዚያው ቀርቶ ቢራው ወደ ተዘጋ በርሜል ይቀዳል፤ በርሜሉ ቀዝቃዛ ምድር ቤት ይገባል። ይሁንና እያንዳንዱ ቅጂ የራሱ አደጋ አለው። ቢራው አየር ያገኛል፣ ከአየሩ ጋርም ባክቴሪያና የዱር እርሾ ይገባል። በተለይ በበጋ ሙቀት ቢራ ቶሎ ይበላሽ ነበር። ለዚህም ነው በ1553 የባቫሪያው መስፍን አልብረክት 5ኛ ከቅዱስ ጊዮርጊስ ዕለት (ኤፕሪል 23) እስከ ቅዱስ ሚካኤል ዕለት (ሴፕቴምበር 29) ቢራ መጥመቅን የከለከለው። እስቲ አስቡት፤ አንድ ሙያ በዓመት አምስት ወር በሕግ ሲዘጋ!

ሁለት በሮች ተከፈቱ

በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ሁለት ነገሮች ተለወጡ።

የመጀመሪያው ባዮሎጂ ነው። በ1876 ሉዊ ፓስተር ስለ ቢራ ጥናቱን አሳተመ። ቢራ የሚበላሸው በዕድል ሳይሆን በማይፈለጉ ጥቃቅን ነፍሳት መሆኑን አሳየ። በ1883 ደግሞ ኤሚል ክርስቲያን ሃንሰን በኮፐንሃገን የካርልስበርግ ላቦራቶሪ ውስጥ ከአንድ ነጠላ ሴል የተራባ ንጹሕ እርሾ ማግኘት ቻለ። ከዚያ በፊት ጠማቂ «እርሾ» የሚለው ነገር የብዙ ዝርያዎች ድብልቅ ነበር። ከሃንሰን በኋላ ግን የሚፈልገውን አንዱን ዝርያ ብቻ ማሳደግ ይችላል።

ሁለተኛው ቅዝቃዜ ነው። ጀርመናዊው መሐንዲስ ካርል ፎን ሊንደ በ1870ዎቹ የማቀዝቀዣ ማሽኑን ሲሠራ ሙኒክ ያለው የሽፓተን ቢራ ፋብሪካና ባለቤቱ ጋብርኤል ዜድልማየር ከመጀመሪያዎቹ ደጋፊዎቹ መካከል ነበሩ። አዎ፣ ዛሬ ወጥ የምናስቀምጥበት ፍሪጅ ታሪኩ ከቢራ ጋር የተያያዘ ነው። ቅዝቃዜ በማሽን ሲመጣ የክረምት በረዶ ቆርጦ ማከማቸት ቀረ።

እንግዲህ ንጹሕ እርሾ አለ፣ ቅዝቃዜም አለ። ጋኑ ግን ያው የጥንቱ ነው፤ አፉ ክፍት፣ ግርጌው ጠፍጣፋ።

የናታን ሐሳብ

በስዊዘርላንድ ይሠራ የነበረው ሊዮፖልድ ናታን በ1908 ለአዲስ ዓይነት ጋን የፈጠራ ባለቤትነት መብት አገኘ። ላዩ ሲሊንደር፣ ታቹ ሾጣጣ፣ ሙሉ በሙሉ የተዘጋ ዕቃ ነበር። ሐሳቡ ሲሰሙት በጣም ቀላል ነው፦ ቢራውን ከአተላው ከማሸሽ ይልቅ አተላውን ከቢራው ሥር እናውጣው።

እንዴት እንደሚሠራ እንይ። እርሾው ሲዘቅጥ የሾጣጣውን ግድግዳ ተከትሎ ይንሸራተትና ጫፉ ላይ ይከማቻል። ጠማቂው ከታች ያለውን ቫልቭ ይከፍታል፤ መጀመሪያ ወፍራሙ እርሾ ይወጣል፤ ቢራው ከላይ ሳይነካ ይቀራል። ግድግዳው ግን ቁልቁል መሆን አለበት። ብዙውን ጊዜ ሾጣጣው ጫፉ ላይ ያለው ማዕዘን ከ60 እስከ 75 ዲግሪ ነው። ከዚያ ከሰፋ ግድግዳው ይጋደምና እርሾው ተጣብቆ ይቀራል። በጣም ከጠበበ ደግሞ ሾጣጣው ይረዝምና ቦታ ይፈጃል።

ቅርጹ ሌላም ጥቅም አለው። የሚፈጠረው ካርቦን ዳይኦክሳይድ በመሀል ወደ ላይ ይወጣል፤ ሲወጣ ፈሳሹን ይዞት ይወጣል። በቀዘቀዘው ግድግዳ በኩል ያለው ፈሳሽ ደግሞ ወደ ታች ይወርዳል። እንዲህ እየዞረ ቢራው ያለ ማማሰያ ራሱን ያማስላል፤ እርሾው ስኳሩን ቶሎ ያገኘዋል። ናታን በዚህ ላይ ያልበሰለ ቢራ ያለውን ሽታ በጋዝ አረፋ ጠርጎ ለማውጣት ሞከረ። ዓላማው ወራት የሚፈጀውን ላገር ንጹሕ በሆነ በአንድ ዕቃ ውስጥ በሳምንታት ማድረስ ነበር። በ1930 እንኳ ስለዚሁ ጉዳይ በእንግሊዝ የጠማቂዎች የሳይንስ መጽሔት ላይ ይጽፍ ነበር።

ይሁንና ዓለም ወዲያው አልተከተለውም። ሾጣጣው ጋን በሰፊው የተስፋፋው በ1960ዎቹና በ1970ዎቹ ነው። ከሃምሳ ዓመት በላይ ማለት ነው! ሐሳቡ ትክክል ከሆነ ምን አስጠበቀው?

ጎረቤቶቹ አልደረሱም ነበር

አንድ ሐሳብ ብቻውን አይሠራም፤ አጠገቡ የሚያስፈልጉት ሌሎች ነገሮች አሉ። ሾጣጣው ጋን የጎደሉት ቢያንስ ሦስት ነበሩ።

አንደኛ፣ ብረቱ። ቢራ አሲድነት አለው። ተራ ብረት ያዝገዋል፣ ዝገቱም ጣዕሙን ያበላሻል። መዳብ ውድ ነው። ብረቱን በሌላ ነገር ቀብቶ መጠቀም ይቻላል፤ ግን ቅቡ አንድ ቦታ ከተሰነጠቀ ስንጥቁ የባክቴሪያ ጎጆ ይሆናል። ሃሪ ብሪርሊ በእንግሊዟ ሼፊልድ ከተማ የማይዝገውን ብረት የሠራው በ1913 ነው፤ ናታን መብቱን ካገኘ ከ5 ዓመት በኋላ መሆኑን ልብ በሉ። ከዚያም ብረቱ እስኪረክስ፣ ትልልቅ ጋኖችንም ያለ እንከን መበየድ እስኪቻል ድረስ አሥርተ ዓመታት አለፉ።

ሁለተኛ፣ አጠባው። ክፍት ገንዳ ቢቆሽሽ ሰው ገብቶ በብሩሽ ይፈትገዋል። ቁመቱ አምስት ፎቅ የሚያህል የተዘጋ ጋን ውስጥ ግን ማን ይገባል? ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከአየር ስለሚከብድ ግርጌ ላይ ይተኛል፤ አይታይም፤ የገባውን ሰው በደቂቃዎች ውስጥ ሊገድለው ይችላል። ይህ ዛሬም በቢራና በወይን ጠጅ ፋብሪካ ሠራተኞች ላይ የሚደርስ እውነተኛ አደጋ ነው። መፍትሔው በ20ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ገደማ ከወተት ኢንዱስትሪ መጣ፤ ዕቃው ሳይፈታ፣ ሰውም ሳይገባ፣ ከላይ በተተከለ መርጫ የአጠባ ኬሚካል እየረጩ ማጠብ።

ሦስተኛ፣ ሙቀቱ። እዚህ ጋ ትንሽ ስሌት እንሥራ። እርሾ 1 ኪሎ ግራም ስኳር ሲበላ ወደ 587 ኪሎ ጁል ሙቀት ይለቃል። በአንድ ሊትር ተራ ቢራ ውስጥ 80 ግራም ያህል ስኳር ይበላል እንበል፤ ያ 47 ኪሎ ጁል ይሆናል። ሙቀቱ መውጫ ቢያጣ ቢራውን በ11 ዲግሪ ያህል ያሞቀዋል። በ10 ዲግሪ መብላላት የሚገባው ላገር 21 ዲግሪ ደረሰ ማለት ነው፤ ተበላሸ። ጋኑ ትንሽ ከሆነ ሙቀቱ በግድግዳው ይወጣል። ነገር ግን የጋኑን ቁመትና ስፋት በእጥፍ ብታሳድጉት ቢራው 8 እጥፍ ሲሆን ግድግዳው 4 እጥፍ ብቻ ይሆናል። ትልቅ ጋን የራሱን ሙቀት ማስወጣት ያቅተዋል። ስለዚህ ቀዝቃዛ ፈሳሽ የሚዞርበት ድርብ ግድግዳና ሙቀቱን የሚከታተል መቆጣጠሪያ አስፈለገው።

እነዚህ ሦስቱ በአንድ ላይ የተሟሉት ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ነው። ያን ጊዜ ፋብሪካዎች የናታንን ቅርጽ አነሡት። የጋኑ ሆድ እያደገ በብዙ መቶ ሺህ ሊትር መቆጠር ጀመረ፤ ጋኖቹም ከሕንፃ ወጥተው ሜዳ ላይ ቆሙ።

ዕቃው እርሾውን መረጠ

እዚህ ላይ ያልተጠበቀ ነገር መጣ። በእንግሊዝ ለብዙ ዘመን የተለመደው ኤል የሚባለው ቢራ እርሾው ወደ ላይ የሚንሳፈፍ ነው፤ ጠማቂው እንደ ወተት ስልባቦት ከላይ ይገፈዋል። ሾጣጣው ጋን ግን እርሾው እንዲዘቅጥ ይፈልጋል። ምን ተደረገ መሰላችሁ? ወደ አዲሱ ጋን የገቡ ጠማቂዎች ወደ ታች የሚወርድ የእርሾ ዝርያ መምረጥ ጀመሩ። ሁሌም ከታች ያለውን እርሾ ወስዳችሁ ለቀጣዩ ጥንስስ የምትጠቀሙ ከሆነ፣ መዝቀጥ የሚወዱት ሴሎች ብቻ እየተራቡ ይሄዳሉ። መሐንዲስ የነደፈው ቅርጽ የሕያው ነገር ጠባይ ላይ ደረሰ ማለት ነው።

ጣዕሙም ተነካ። 10 ሜትር ጥልቀት ያለው ቢራ ግርጌው ላይ ከከባቢ አየር ግፊት በላይ 1 ባር ያህል ተጨማሪ ጫና አለ። በዚያ ጫና ብዙ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ቢራው ውስጥ ሟሙቶ ይቀራል፤ እርሾውም የፍራፍሬ ሽታ የሚሰጡትን ኤስተር የሚባሉ ውሕዶች ይቀንሳል። ንጹሕና ለስላሳ ላገር ለሚፈልግ ይህ ጥሩ ነው። የሙዝ ወይም የፖም ሽታ ያለው ቢራ ለሚጠምቅ ግን ኪሳራ ነው። ለዚህም ነው እንደዚያ ያለ ቢራ የሚጠምቁ አንዳንድ ፋብሪካዎች ዛሬም ዝቅ ያለና ሰፋ ያለ ገንዳ የሚመርጡት።

ወደ ቤት ሲመጣ

በብሪታንያ በ1963 ለቤት ጠመቃ ፈቃድ ማውጣት ቀረ። በአሜሪካ ደግሞ ፕሬዚዳንት ጂሚ ካርተር በ1978 የቤት ጠመቃን በፌዴራል ደረጃ የሚፈቅደውን ሕግ ፈረሙ። ሰዎች መጀመሪያ በባልዲና በትልቅ ጠርሙስ ጠመቁ። ቆይቶ ግን ገበያው የፋብሪካውን ጋን አሳንሶ አቀረበላቸው።

አሁን የመጀመሪያው ጥያቄያችን ላይ ደረስን። ጋኑ ሲያንስ ፊዚክሱም አብሮ ያንሳል? አይደለም፤ አንዳንዱ ይለወጣል፣ አንዳንዱ ጭራሽ ይጠፋል።

ጫናውን ተመልከቱ። 40 ሳንቲሜትር ጥልቀት ያለው ቢራ ግርጌው ላይ የሚጨምረው ጫና 0.04 ባር ብቻ ነው። ኤስተር ላይ የሚያመጣው ለውጥ የለም ማለት ይቻላል። ሙቀቱም እንደዚያው፤ 20 ሊትር ሙቀቱን በቀላሉ ያስወጣል። የቤቱ ጠማቂ ችግር በተቃራኒው ነው፤ ክፍሉ ሲሞቅና ሲቀዘቅዝ ቢራውም አብሮ ይወዛወዛል።

ቅርጹም ያታልላል። ስፋቱ 4 ሜትር፣ የሲሊንደሩ ቁመት 12 ሜትር የሆነ የፋብሪካ ጋን ብንወስድ፣ የ60 ዲግሪው ሾጣጣ የሚይዘው ከጠቅላላው 9 በመቶ ያህል ነው። ስፋቱ 35 ሳንቲሜትር በሆነ የቤት ጋን ግን ሾጣጣው ብቻውን 10 ሊትር ገደማ ይይዛል። ከ20 ሊትር ቢራችሁ ግማሹ ሾጣጣው ውስጥ ተቀመጠ ማለት ነው! ጥቂት እርሾ ለማውጣት ቫልቩን ስትከፍቱ ታዲያ እርሾው ግድግዳው ላይ እንዳለ፣ ቢራው መሀሉን በስቶ ሊወጣ ይችላል።

የሞተው እርሾስ? በፋብሪካው ጋን ጫፍ ላይ እርሾው ወፍራም ሆኖ ይከመራል፤ የመሀሉ ይሞቃል፤ ጫናውም ያስጨንቀዋል። ስለዚህ ቶሎ መውጣት አለበት። በባልዲ ግርጌ ላይ ግን እርሾው ስስ ንጣፍ ነው። ለሁለትና ለሦስት ሳምንት እዚያው ቢቆይ አብዛኛውን ጊዜ ቢራውን አያበላሸውም።

እንግዲያው ቤት ውስጥ ሾጣጣ ጋን አያስፈልግም? እንዲያ አላልኩም። የቀሩት ጥቅሞች እውነተኛ ናቸው። ቢራው ከዕቃ ዕቃ ሳይቀዳ፣ አየር ሳይነካው መቆየት ይችላል። እርሾውን ከታች አውጥቶ ለሚቀጥለው ጥንስስ መጠቀም ይቻላል። ቢራውን ለወራት ማቆየት ለሚፈልግም ይመቻል። ስለዚህ የሚያውቃችሁ ሰው «ልግዛ ወይስ ይቅርብኝ?» ብሎ ቢጠይቃችሁ እነዚህን መልሳችሁ ጠይቁት።

እርሾህን መልሰህ ትጠቀማለህ? የማትጠቀም ከሆነ የሾጣጣው ትልቁ ሥራ ቀረ። ሙቀቱን የምትቆጣጠርበት ነገር አለህ? ከሌለህ ገንዘቡን መጀመሪያ እዚያ ላይ አውለው፤ አሮጌ ፍሪጅና ርካሽ የሙቀት መቆጣጠሪያ ከየትኛውም ቅርጽ የበለጠ ቢራውን ይለውጡታል። የሾጣጣው ግድግዳ ቁልቁል ነው ወይስ የተጋደመ? ከላይ ሲታይ የሚያምር፣ ግን ግድግዳው የተጋደመ ጋን እርሾ አያወርድም። ቫልቩ ተፈትቶ ይታጠባል? የማይፈታ ቫልቭ ውስጥ የሚቀር ቆሻሻ ፓስተር ያስጠነቀቀንን ጠላት መልሶ ያመጣል።

የመጨረሻው ጥያቄ ደግሞ የደኅንነት ነው፦ ጋዙ በየት ይወጣል? 20 ሊትር ቢራ ሲብላላ ከ400 ሊትር በላይ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይሰጣል። መውጫው ከተደፈነ፣ ወይም ለጫና ያልተሠራ ዕቃ ጥርቅም ተደርጎ ከተዘጋ፣ ይፈነዳል። በጠባብና አየር በማይገባበት ክፍል ማስቀመጥም ጥሩ አይደለም።

ናታን ቅርጹን ሲነድፍ በአእምሮው የነበረው ላገር በወራት የሚያደርስ፣ ቢራውን ደጋግሞ የሚያዘዋውር ትልቅ ፋብሪካ ነበር። የቤቱ ጠማቂ ከዚያ ፋብሪካ ችግሮች የተወሰኑትን ይጋራል፤ ሌሎቹን ጭራሽ አያውቃቸውም። በሚቀጥለው ጊዜ በፋብሪካው አጥር ሲያልፉ እነዚያን ጋኖች ላሳያችሁት ሰው ግርጌውን አመልክቱትና «ይህ ለምን የሾለ ይመስልሃል?» ብላችሁ ጠይቁት። መልሱን እስኪያገኝ የምታወሩት አታጡም።